የቆየውን ሬዲዮ ሳንሰካው በፊት፦ ያረጁ ካፓሲተሮችን ለይቶ ማወቅና መመርመር



ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ለሚጓዝ ሰው ማንኩሳ በመንገዱ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ብዙው ኢትዮጵያዊ ግን ስሟን ያወቀው አልፎባት ሳይሆን በመጽሐፍና በሬዲዮ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ የማንኩሳ ስም መብራት ባልገባባቸው መንደሮች ሳይቀር ተሰማ። ያን ትረካ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ያዳመጠ ትውልድ ዛሬም በመካከላችን አለ። ሬዲዮው ራሱ ግን ብዙ ጊዜ በቆጥ ላይ፣ በሣጥን ውስጥ ወይም በዕቃ ቤት ጥግ አቧራ ለብሶ ይገኛል።

እንዲህ ያለ ሬዲዮ ከምእመናን በስጦታ ወይም በኑዛዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ሁለት ዓይነት ስህተት ይፈጸማል። አንዱ ሳይመረመር መጣል ነው፤ ሌላው ሳይመረመር መሰካት ነው። ሁለተኛውን ስህተት እኛም ሠርተነዋል። ለብዙ ዓመታት ሳይከፈት የቆየ ባለ አምፖል ሬዲዮ በደረሰን ጊዜ «ይሠራ እንደ ሆነ እንየው» ብለን በቀጥታ ሰካነው። የጣቢያ ማሳያ ሰሌዳው በራ፤ እንደ ንብ መንጋ ያለ ከባድ ድምፅ ተሰማ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም የተቃጠለ ሬንጅ የሚሸት ጢስ ወጣ። ሲከፈት፣ አንድ ያረጀ ካፓሲተር ትራንስፎርመሩን ይዞት እንደ ጠፋ ታወቀ። ካፓሲተሩ በቀላሉ የሚተካ ነበር፤ የትራንስፎርመሩን ምትክ ግን እስከ ዛሬ አላገኘንም።

የዚህ ትምህርት ዓላማ አንባቢውን ሁሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ማድረግ አይደለም። የቆየ ሬዲዮ «ሞተ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሞተው አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ዕቃ መሆኑን ለማሳየት፣ እነዚያን ዕቃዎች ለይቶ ለማወቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በምርመራው ጊዜ የሰው ሕይወት እንዳይጎዳ ለማስጠንቀቅ ነው።

፩. ካፓሲተር ምንድን ነው?

የቆዩ ጠጋኞች «ኮንደንሰር» የሚሉት ካፓሲተር፣ ሁለት የብረት ገጾችና በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ነገር ያሉት ዕቃ ነው። መካከለኛው ነገር ወረቀት፣ ፕላስቲክ፣ ማይካ የተባለ ማዕድን፣ ሸክላ ነክ ሴራሚክ ወይም በአሉሚኒየም ላይ የበቀለ እጅግ ስስ ሽፋን ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ካፓሲተር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ነበር። በ1738 ዓ.ም. በጀርመንና በሆላንድ የነበሩ ተመራማሪዎች በየበኩላቸው ደረሱበት። በሆላንዷ የላይደን ከተማ ጠርሙሱን በእጁ ይዞ የነካው ሰው በኤሌክትሪክ ክፉኛ ተመታ። ስለዚህ ካፓሲተር ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ያስተማረው አንድ ነገር አለ፤ ከኃይል ምንጩ ከተለየም በኋላ ኃይል በውስጡ ይዞ ይቆያል።

በሬዲዮ ውስጥ ዋና ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው ማጠራቀም ነው። የውኃ ማጠራቀሚያ ታንከር ውኃ ሲመጣ ሞልቶ ሲጠፋ እንደሚያቀርብ፣ ካፓሲተርም ከፍ ዝቅ የሚለውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ የተረጋጋ አድርጎ ያቀርባል። ሁለተኛው መለየት ነው። ቀጥተኛውን ጅረት አግዶ፣ ድምፅና የሬዲዮ ሞገድ የሚሸከመውን ተለዋዋጭ ጅረት ያሳልፋል። አርጅቶ ማጠራቀም ካቃተው ሬዲዮው ያጉረመርማል፤ ማገድ ካቃተው ደግሞ ወደማይገባው ክፍል ኃይል እየፈሰሰ ሌላውን ዕቃ ያቃጥላል። ከሁለቱ የሚከፋው ሁለተኛው ነው።

፪. በዐይን ለይቶ ማወቅ

ሬዲዮው ከመብራት ከተነቀለና በክፍል ፫ እንደምንገልጸው ከተዘጋጀ በኋላ የጀርባው ክዳን ሲከፈት የሚከተሉት ዓይነቶች ይታያሉ።

ኤሌክትሮላይቲክ፦ እንደ ትንሽ ቆርቆሮ በርሜል ክብ ሆኖ የሚታየው ነው። በባለ አምፖል ሬዲዮ ትልቅ ሆኖ በሻሲው ላይ ቆሞ ይገኛል፤ በትራንዚስተር ሬዲዮ ደግሞ ከጣት ጫፍ ያነሰ ነው። አዎንታዊና አሉታዊ ጫፍ ስላለው የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ይጻፍበታል። በውስጡ ያለው እርጥብ ኬሚካል በዕድሜ ብዛት ይደርቃል። ሳይሠራ ለዓመታት ሲቀመጥም መካከለኛው ስስ ሽፋን ይሳሳል። ራሱ አብጦ ከታየ፣ ከሥሩ ፈሳሽ ወይም ነጭና ቡናማ ዱቄት ከወጣ ያለ ጥርጥር ተበላሽቷል። ምንም ምልክት ሳይታይበትም ሊደርቅ ስለሚችል ግን መልኩ ብቻ አያስተማምንም።

የወረቀት ካፓሲተር፦ በሰም የተነከረ ወረቀትና ስስ ብረት በአንድነት ተጠቅልሎ የተሠራ፣ እንደ ቁራጭ ጧፍ የሚመስል ቱቦ ነው። በአንዳንድ የፊሊፕስ ሬዲዮዎች ላይ በጥቁር ሬንጅ ተሸፍኖ ይገኛል። ሰሙ ሲሰነጠቅ ወረቀቱ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ሲገባም ማገድ ያቅተዋል። በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ረጅምና ብርቱ ክረምት ለብዙ ዓመታት በዕቃ ቤት የከረመ የወረቀት ካፓሲተር ደኅና ነው ብሎ ማመን አይገባም። ሰሙ ቀልጦ በሻሲው ላይ የተንጠባጠበ ከሆነ ቀድሞ ግሎ እንደ ነበረ ምስክር ነው።

ማይካና ሴራሚክ፦ ማይካ ብዙ ጊዜ ቡናማ ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ሆኖ የቀለም ነጠብጣቦች አሉት። ሴራሚክ እንደ ምስር ወይም እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ ነው። እነዚህ በዕድሜ ብዙም አይጎዱም፤ ማስረጃ ሳይኖር አይነኩ።

የፕላስቲክ ካፓሲተር፦ የኋለኛው ዘመን ሬዲዮዎች ላይ ይገኛል። እርጥበት ስለማይስብ በአብዛኛው ደኅና ነው።

ተንቀሳቃሽ ካፓሲተር፦ ጣቢያ ስንፈልግ የምናዞረው ነው። በቆዩት ሬዲዮዎች እርስ በርስ ሳይነካኩ የሚገቡና የሚወጡ የብረት ቅጠሎች አሉት። አቧራ ሲገባበት ወይም ቅጠሎቹ ሲታጠፉ፣ ጣቢያ ስናዞር ይንኳኳል፤ በአንዳንድ ቦታም ድምፁ ይጠፋል። መድኃኒቱ ለስላሳ ብሩሽና ትዕግሥት እንጂ መለወጥ አይደለም።

ጽሑፉን ስለ ማንበብ፦ በካፓሲተር ላይ ሁለት ዋና ቁጥሮች አሉ፤ የማጠራቀም አቅሙና የሚችለው ቮልት። አቅሙ በማይክሮፋራድ ይለካል። በቆዩ ዕቃዎች ላይ «ኤም ኤፍ ዲ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ሲገኝ ትርጉሙ ማይክሮፋራድ ነው። በትንንሾቹ ላይ ሦስት አኃዝ ብቻ ከተጻፈ፣ ሁለቱ ቁጥር ሲሆኑ ሦስተኛው የዜሮዎቹን ብዛት ይናገራል፤ መለኪያውም ፒኮፋራድ ነው። 104 ማለት 10 እና አራት ዜሮ፣ ማለትም 100,000 ፒኮፋራድ ወይም 0.1 ማይክሮፋራድ ነው። 473 ደግሞ 47,000 ፒኮፋራድ ወይም 0.047 ማይክሮፋራድ ይሆናል።

፫. ከመንካት በፊት፦ ለሕይወት ጥንቃቄ

በባትሪ ድንጋይ ብቻ የሚሠራ አነስተኛ የትራንዚስተር ሬዲዮ ለሰው አያሰጋም። የመጀመሪያው የትራንዚስተር ሬዲዮ በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው በ1947 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት በአብዛኛው ባለ አምፖል ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ባለ አምፖል ሬዲዮ መሠራቱ አልቀረም። ከመብራት የሚሠራ ባለ አምፖል ሬዲዮ በውስጡ ከ200 እስከ 300 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ጅረት አለው፤ ይህም ሰው ይገድላል። ስለዚህ የሚከተሉት ሊታለፉ አይገባም።

ሀ. ሬዲዮው ከሶኬት ይነቀል። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

ለ. ከተነቀለ በኋላም ትላልቆቹ ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ይቆያሉ። ባለሙያው 10 ሺህ ኦምና 5 ዋት የሆነ ረዚስተር፣ ሽፋን ባለው ሽቦ አያይዞ፣ በካፓሲተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ለጥቂት ሰከንዶች በማሳረፍ ያፍሰሰው፤ ከዚያም በቴስተር ለክቶ ኃይል አለመኖሩን ያረጋግጥ። በካቻቢቴ በቀጥታ ማገናኘት ብልጭታ ይፈጥራል፤ ዕቃም ያበላሻል።

ሐ. አንዳንድ ባለ አምፖል ሬዲዮዎች ትራንስፎርመር የላቸውም። የእነዚህ ሻሲ በቀጥታ ከመብራት መስመር ጋር ሊገናኝ ስለሚችል ሻሲውን የነካ ሰው የመብራቱን ሽቦ እንደ ነካ ይቆጠራል። ትራንስፎርመር ካልታየ ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይሰጥ።

መ. ከጀርባው 110፣ 127፣ 220 የሚል የቮልት መምረጫ ካለ በ220 ላይ መሆኑ ይረጋገጥ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነውና። የተሰነጠቀ የመብራት ገመድም አስቀድሞ ይለወጥ።

ሠ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰካ በቀጥታ አይሁን። 60 ዋት ያህል የሆነ፣ በክር የሚበራ የድሮ ዓይነት አምፖል በመብራቱ መስመር ላይ በተከታታይ ይግባ። አምፖሉ በርቶ ቀስ በቀስ ከደበዘዘ መልካም ምልክት ነው። ደምቆ ከቀረ በሬዲዮው ውስጥ መስመር ተገናኝቷልና ወዲያው ይነቀል። አምፖሉ የሚበዛውን ጅረት ስለሚገድብ ትራንስፎርመሩን ያድናል። እኛ ይህን ብናውቅ ኖሮ ያ ሬዲዮ ዛሬ በሠራ ነበር። ለዚህ ሥራ ኃይል ቆጣቢ አምፖል አይሆንም።

ረ. ማንም ሰው ብቻውን ሆኖ አይሥራ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ያለ ባለሙያ አይክፈቱት።

፬. ድምፁ ምን ይነግረናል?

ሬዲዮው በጥንቃቄ ተሰክቶ ከሠራ፣ ሕመሙን ራሱ ይናገራል።

የማያቋርጥ ማጉረምረም፦ ድምፁን ብንቀንሰውም የማይጠፋ፣ እንደ ንብ መንጋ ያለ ድምፅ ከተሰማ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት የኃይል ክፍሉ ትላልቅ ኤሌክትሮላይቲኮች ናቸው። የመብራቱ ጅረት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ፣ ታንከሩ የደረቀ ሬዲዮ ያንን ምልልስ ያሰማናል።

የተቆራረጠና የተዛባ ድምፅ፣ ከግለት ጋር፦ በባለ አምፖል ሬዲዮ ድምፁ መጀመሪያ ደኅና ሆኖ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከተበላሸና የመጨረሻው የድምፅ አምፖል ከልክ በላይ ከጋለ፣ ወደዚያ አምፖል ድምፅ የሚያሳልፈው የወረቀት ካፓሲተር ቀጥተኛውን ጅረት ማገድ አቅቶታል። ባለሙያው በዚያ አምፖል መቆጣጠሪያ ጫፍ፣ ግሪድ በሚባለው፣ መገኘት የማይገባው አዎንታዊ ቮልት መኖሩን በመለካት ያረጋግጣል። ይህ አነስተኛ ካፓሲተር አምፖሉንም ትራንስፎርመሩንም ሊያጠፋ ስለሚችል እስኪለወጥ ድረስ ሬዲዮው አይከፈት።

የቀጠነና ወፍራም ድምፅ የሌለው፦ በትራንዚስተር ሬዲዮ ጣቢያው በደንብ እየተያዘ ድምፁ ሩቅና ቀጭን ከሆነ፣ ወደ ስፒከሩ የሚያሳልፈው ኤሌክትሮላይቲክ ደርቆ ይሆናል።

እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ዱክ ዱክ ማለት፦ በተለይ ድንጋዩ ሲደክምና ድምፁ ከፍ ሲል የሚመጣ ከሆነ፣ በድንጋዩ መስመር ላይ ያለው ኤሌክትሮላይቲክ አቅሙን አጥቷል።

ሆኖም ጥፋቱ ሁሉ የካፓሲተር አይደለም። በትራንዚስተር ሬዲዮ አስቀድሞ የድንጋይ ማስቀመጫው ይታይ። በውስጡ የተረሳ ድንጋይ ፈስሶ ማገናኛ ብረቱን በልቶት ከሆነ፣ ብረቱን በጨርቅና በጥቂት አልኮል ጠርጎ ማጽዳት ብቻውን ሬዲዮውን ሊያስነሣ ይችላል። የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነም ጥፋቱ የአቧራ እንጂ የካፓሲተር አይደለም።

፭. መለካትና መተካት

በባለ መርፌ ቴስተር የኦም መለኪያ ላይ፣ አንድ እግሩ ከመስመሩ የተለየና ኃይሉ የፈሰሰ ካፓሲተር ሲለካ መርፌው ብድግ ብሎ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ከተመለሰ ዕቃው ሕይወት አለው። ብድግ ብሎ ዜሮ ላይ ከቀረ ሁለቱ ገጾች ተገናኝተዋል። በመካከል ከቆመ ያፈሳል። በትልቅ ካፓሲተር ላይ ከነጭራሹ ካልተነሣ ደርቋል ወይም ተቆርጧል። የትንንሾቹ ግን እንቅስቃሴ በዐይን ስለማይታይ በዚህ ብቻ አይፈረድባቸውም።

አቅም የሚለካ ዲጂታል ቴስተር ቢኖርም አንድ ወጥመድ አለ። የሚያፈስ የወረቀት ካፓሲተር በመለኪያው ላይ ትክክለኛ ቁጥር፣ አንዳንዴም ከተጻፈበት የበለጠ ቁጥር ያሳያል። ቴስተሩ በጥቂት ቮልት ሲለካ ካፓሲተሩ ግን የሚሠራው በመቶዎች ቮልት ነውና፣ በእረፍቱ ጤነኛ መስሎ በሥራው ይወድቃል። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው ጠጋኞች በባለ አምፖል ሬዲዮ ውስጥ የሰም ወረቀት ካፓሲተሮችን ሳይከራከሩ ይለውጣሉ።

ሲተካ የሚጠበቁት ሕጎች ጥቂት ናቸው። የአዲሱ ቮልት ከቀድሞው እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ ፈጽሞ አይነስ። አቅሙ የቀረበ ይሁን፤ የቀድሞዎቹ ቁጥሮች ዛሬ ስለማይሠሩ በ8 ፈንታ 10፣ በ32 ፈንታ 33፣ በ50 ፈንታ 47፣ በ0.05 ፈንታ 0.047 ማይክሮፋራድ ይገባል። «ትልቅ ይሻላል» በማለት ግን በኃይል ክፍሉ መጀመሪያ ላይ እጅግ የበለጠ ማስገባት ጅረቱን የሚያቀናውን አምፖል ይጎዳል። በሰም ወረቀቱ ቦታ የፕላስቲክ ካፓሲተር ይግባ። ኤሌክትሮላይቲክ ሲገባ አዎንታዊና አሉታዊ ጫፉ በትክክል ይለይ፤ ተገልብጦ የገባ ሊፈነዳ ይችላል።

ሥራው በተራ ይሁን፤ በመጀመሪያ የኃይል ክፍሉ፣ ቀጥሎ ወደ ድምፅ አምፖሉ የሚያሳልፈው፣ ከዚያም የቀሩት የወረቀት ካፓሲተሮች። አንዱ ተለውጦ ሬዲዮው ሳይሞከር ሌላው አይነካ። አሥሩ በአንድ ጊዜ ተለውጠው ሬዲዮው ዝም ቢል ስህተቱ ከየትኛው እንደ ሆነ አይታወቅምና። ከመንቀል በፊትም የየሽቦው ቦታ በወረቀት ላይ ይሣል ወይም በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ። በጣቢያ መያዣው ክፍል ያሉት ትንንሽ የማስተካከያ ብሎኖች አይዙሩ፤ እነዚያ ከፋብሪካ በመሣሪያ የተስተካከሉ ናቸው።

ሬዲዮው ሲጠናቀቅ ፈተናው በምሽት ቢሆን ይመረጣል። የመካከለኛ ሞገድ ስርጭት በሌሊት ከቀን ይልቅ ሩቅ ስለሚደርስ፣ በቀን ዝም ያለ ሰሌዳ ማታ ጣቢያ ሊያሰማ ይችላል።

የተነቀሉት ያረጁ ካፓሲተሮች ወደ እሳት አይጣሉ። የታሸገው ሊፈነዳ ይችላል፤ በአንዳንድ ዘይት የያዙ የቆዩ ካፓሲተሮች ውስጥም ለጤና እጅግ ጎጂ የሆነ ኬሚካል አለ። የፈሰሰ ነገር የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

፮. የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ሰበካ ጉባኤው ካውያ አይዝም፤ ነገር ግን የሚወስነው እርሱ ነው። «ሁሉም ተቃጥሏል፤ አዲስ ግዙ» የሚል ቃል ሲመጣ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይገባዋል። የትኛው ዕቃ ነው የተበላሸው? በምን ተለክቶ ታወቀ? የተነቀለውን አሮጌ ዕቃ ልናየው እንችላለን? ታማኝ ጠጋኝ በእነዚህ ጥያቄዎች አይከፋም፤ እንዲያውም ሥራው ስለሚታይለት ደስ ይለዋል።

የሬዲዮው ሰጪ ስም፣ የመጣበት ቀንና የተደረገለት ጥገና በንብረት መዝገብ ይግባ። የማይጠገን ሆኖ ቢገኝም እንኳ የዘመን ምስክር ስለሆነ በደረቅ ቦታ፣ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ እንጂ እንደ ቁራጭ ብረት አይሸጥ።

ይህ ትምህርት ለሬዲዮ ብቻ የተነገረ አይደለም። በየአጥቢያው ለስብከትና ለማኅሌት የምንጠቀምበት የድምፅ ማጉያ፣ በተለምዶ ሞንታርቦ የምንለው፣ በውስጡ እነዚሁ ኤሌክትሮላይቲኮች አሉት፤ ከጊዜ በኋላም እንደ ሬዲዮው ያጉረመርማል። በምእመናን ምጽዋት የተገዛ መሣሪያ ከመጣሉ በፊት ማጉረምረሙ ከአንድ ከደረቀ ካፓሲተር የመጣ መሆን አለመሆኑን ማስመርመር የአደራ ጠባቂ ሥራ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ዕቃ ቤት ሳይሠራ የተቀመጠ ሬዲዮ ወይም የድምፅ ማጉያ አለ? ለስንት ጊዜ ተቀመጠ? ቦታው እርጥበት አለው?

2. አንድ ሬዲዮ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ለምን አደገኛ ሊሆን ይችላል?

3. በቴስተር ደኅና የታየ የወረቀት ካፓሲተር በሥራ ላይ የሚወድቀው በምን ምክንያት ነው?

4. ባለፈው ጊዜ «አይሠራም» ብለን የጣልነው ወይም የሸጥነው ዕቃ ነበረን? ያን ጊዜ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቀን ነበር?